ጽጌረዳዎቼንና ዳሊያዬን ከዚህ ዝናብ እንዴት ላትርፋቸው?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጣለው ከባድ ዝናብ አበቦቼን እየጨረሰብኝ ስለሆነ እርዳታችሁን እሻለሁ። 5 ቀን ሙሉ አላባራም። የጽጌረዳዎቹ የታችኞቹ ቅጠሎች ጥቋቁር ነጠብጣብ አውጥተው ቢጫ ሆነዋል፤ በጣቴ ነካ ሳደርጋቸው ይረግፋሉ። ያልፈኩት እምቡጦችም እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣብቀው ቀርተዋል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ዳሊያው ነው። አጠገቡ ጥቂት ስቆፍር ጉድጓዱን ወዲያው ውሃ ይሞላዋል፤ አፈሩም መጥፎ ጠረን አምጥቷል። ሥር ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ አየር አጥቶ እንደሚበሰብስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጊዜ የለኝም። አሁኑኑ ነቅዬ ወደ ከፍተኛ መደብ ላዛውረው ወይስ ቦይ ቀድጄ እስኪጠፈፍ ልጠብቅ? የታመሙትን የጽጌረዳ ቅጠሎችስ አሁን ልልቀማቸው ወይስ ዝናቡ እስኪያባራ ልተዋቸው? 6 ዓመት የደከምኩባቸው ናቸውና እባካችሁ፣ ይህ የደረሰበት ሰው ይምከረኝ።