ሰውን ማስከፋት የሚያኮራቸው ገጸ ባሕርያት

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦
ባለፈው እሑድ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንወያይ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ሰው ማዋረድን እንደ ክብር ይቆጥሩታል ወይስ ሳይታወቃቸው ነው የሚያደርጉት በሚለው ሳንስማማ ተለያየን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የታቦር ሥር ነዋሪ፦
አውቀው ነው የሚያደርጉት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ፣ በዘራቸው እየተመኩ ሰብለ ወንጌልን ሊያጭ የመጣውን ሁሉ ሲመልሱ፣ የልጃቸው ዕድሜ መግፋት እንኳ ከኩራታቸው አይመልሳቸውም።

አንባቢት፦
ወንድሜ፣ በዘር መኩራትና በክፋት መኩራት ይለያያሉ። በክፋቱ የሚኮራው የእንግሊዛዊው ደራሲ የቻርልስ ዲከንስ ገጸ ባሕርይ፣ ንፉጉ ስክሩጅ ነው፤ መንገድ ላይ ማንም አያስቆመውም፣ ለማኝም ሳንቲም አይጠይቀውም፣ እሱም የሚወደው ይህንኑ ነው። ፊታውራሪው ግን ሥርዓት የሚያስከብሩ እንጂ ሰው የሚበድሉ አይመስላቸውም፤ ገበሬዎቹ በግብር ጭማሪው አምፀው የማረኳቸውም ለዚህ ነው፣ ምሬታቸው ፈጽሞ አልታያቸውም ነበርና።

ጠያቂ፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ። በዚሁ ልብ ወለድ ያለው ጉዱ ካሣም አጥብቆ የሚነቅፈው ልማዱን መሆኑን ሳስብ ወደ እርስዎ ሐሳብ አደላለሁ፤ የሰብለ ዕንባ ግን አሁንም ፊታውራሪውን ይቅር እንድል አይፈቅድልኝም።