ለካት 6 ኬብል የትኛው ክሪምፐር፣ የትኛው ኮኔክተር?

አዲስ ሽቦ
ሰላም ለሁላችሁም። ለአንድ ጂ+3 ህንፃ የኔትወርክና የካሜራ መስመር እየተዘረጋ ነው። ኬብሉ ካት 6፣ ባለ 305 ሜትር ካርቶን፣ ውስጡ ድፍን ሽቦ ነው፤ ላዩ ላይ 23 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት ቁጥር፤ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ይላል። ክሪምፐሩ (መጨመቂያ ጉጠቱ) ተራው ርካሽ፣ ኮኔክተሩ (ኬብሉ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው መሰኪያ) ደግሞ «ካት 5/6» የሚል የመቶ ፓኬት ነው። ከተሠሩት መስመሮች ገሚሱ ቴስተር ላይ ከ1 እስከ 8 በተርታ ይበራሉ፤ ስዊች (የኔትወርክ መስመሮቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሲሰኩ ግን ከ100 ሜጋ (ሜጋቢት በሰከንድ) አያልፉም። ክሪምፐሩን ልቀይር ወይስ ኮኔክተሩን? ሽቦው በፊት ለፊት የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ኮኔክተርስ ይሻላል?

ጋሽ ፓች
ክሪምፐር የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ኬብሉን እወቅ፣ ለእሱ የሚሆን ኮኔክተር ፈልግ፣ ከዚያ ያ ኮኔክተር የሚጠይቀውን ክሪምፐር ግዛ።

ኬብሉ ንጹህ መዳብ መሆኑን አረጋግጥ። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቀው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ባልተነካ ካርቶን ላይ በመልቲሜትርም ይለያል፦ በአንደኛው ጫፍ የአንድ ጥንድ (አብረው የተጠማዘዙ) ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝና በሌላው ጫፍ ለካ። 305 ሜትር መዳብ በ23 ጌጅ ወደ 41 ኦም፣ በ24 ጌጅ ወደ 51 ኦም ይሰጣል። አሉሚኒየም ያለበት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያነባል። እንዲህ ያለውን ኬብል ለካሜራ አትጠቀም፤ ፒኦኢ (በዚያው የኔትወርክ ኬብል ለካሜራው የሚላክ ኤሌክትሪክ) ሲጫንበት ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ኬብሉም ይሞቃል። ጥቂት ሲታጠፍም ይሰበራል።

ኮኔክተር ላይ «ካት 5/6» የሚለው ጽሑፍ ብዙም አይነግርህም። ዋናው የቀዳዳው ስፋት ነው። ባለ 24 ጌጅ ካት 5ኢ ሽቦ ከነፕላስቲኩ 0.9 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ባለ 23 ጌጅ ካት 6 ግን 1 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ አንዳንዱም ያልፋል። በጠባብ ቀዳዳ ስትገፋው አንዱ ሽቦ ወደ ኋላ ይቀርና ፒኑ (ሽቦውን የሚወጋው የኮኔክተሩ ብረት) ጫፉን ብቻ ይነካዋል። ዛሬ ቴስተሩ ያሳልፈዋል፣ በሁለተኛው ወር ግን መቆራረጥ ይጀምራል። በካሊፐር ለክተህ ግዛ።

ሌላው የፒኑ ጥርስ ነው። ሁለት ጥርስ በአንድ መስመር ያለው ፒን ለብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተሠራ ነው፤ መሃል ለመሃል ይወጋል። ድፍን ሽቦን ሊወጋው ስለማይችል ወደ ጎን ይንሸራተታል ወይም ይጎዳዋል። ለአንተ የሚሆነው ሦስት ጥርስ ያለው ነው፤ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ተፈራርቀው ሽቦውን ያቅፉታል። የወርቅ ቅቡ 50 ማይክሮ ኢንች (1.27 ማይክሮሜትር) የሆነውን ምረጥ። በርካሹ ላይ ወርቁ ለስም ያህል ነው።

ክሪምፐሩ እስከ መጨረሻው ሳይጨመቅ የማይለቅ፣ ራቼት ያለው ይሁን። አካሉ ብረት ይሁን፤ አካሉ ፕላስቲክ የሆነው ክሪምፐር ሲጨመቅ ይለጠጥና መሃል ያሉት 4 እና 5 ፒኖች ከፍ ብለው ይቀራሉ። በትክክል የተጨመቀ ፒን ከኮኔክተሩ ወለል 6.02 ሚሊሜትር ላይ ይቀመጣል፤ መዛነፉ 0.13 ብቻ። ከዚያ ከፍ ያለ ፒን የስዊቹን ፖርት ምንጭ ሽቦዎች አጣምሞ ያበላሻል፣ እና ስዊች ከኮኔክተር ይወደዳል።

ስምንት ፒን
የ100 ሜጋውን ነገር ልመልስ። ያ መብራት ቴስተር የሚያየው ሽቦው ከዚህ እስከዚያ መድረሱን ብቻ ነው። ከቀለም ቅደም ተከተል ጀምር፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ይህ ቲ568ቢ የሚባለው አደራደር ነው። አረንጓዴን 4ኛ ላይ፣ ሰማያዊን 6ኛ ላይ ያደረገ ሰው በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሚሠራ ቴስተሩ በደስታ ያበራል። ግን 3 እና 6 ከአንድ ጥንድ መምጣት ሲገባቸው ከሁለት ጥንድ ይመጣሉ፣ ሲግናሉም ወደ ጎረቤት ይፈስሳል። ውጤቱ ወይ ስህተት የበዛበት መስመር ነው፣ ወይ ወደ 100 የወረደ።

ቀለሙ ትክክል ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ያላግባብ የተጨመቀ 4፣ 5፣ 7 ወይም 8 ነው። 100 ሜጋ የሚሠራው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ብቻ ነው፤ ጊጋቢት (1000 ሜጋ) ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። አንዳንድ የኔትወርክ ካርድ ጊጋቢት ሲያቅተው ራሱ ወደ 100 ይወርዳል፣ ሌላው ጭራሽ አይገናኝም።

የጥንዶቹን ጥምዝ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታ። የውጪው ሽፋን ደግሞ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ባለችው ቆንጣጭ ፕላስቲክ ስር መያዝ አለበት። ቆንጣጩ የያዘው ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ከሆነ ያ ጫፍ ተቆርጦ እንደገና ይሠራ።

ኧረ ከሁሉ በፊት ግን የስዊቹን ፖርት እይ። ብዙዎቹ ርካሽ ፒኦኢ ስዊቾች የካሜራ ፖርታቸው 100 ሜጋ ብቻ ነው፤ ለዚያ ኬብል መቁረጥ በከንቱ ነው።

ባለ ምላጭ
የሚያልፈውን ኮኔክተር ለጀማሪ እመክራለሁ። ቀለሙን በፊት ለፊት አይተህ ታረጋግጣለህ፣ ሽፋኑንም እስከ ቆንጣጩ ስበህ ታስገባለህ። ግን የራሱን፣ ምላጭ ያለውን ክሪምፐር ይፈልጋል። በተራው ጨምቆ በመቀስ መቁረጥ ፊት ለፊቱ ላይ የመዳብ ጉቶ ይተዋል። ምላጩ ሲደነዝዝም ያው ነው፤ መቀየሪያ ምላጭ አብረህ ግዛ። የአንዱን ፋብሪካ ኮኔክተር በሌላው ክሪምፐር ስትሠራም ቁመታቸው አይገጥም ይሆናል፤ አስቀድመህ አምስት ስድስት ሞክር።

ጋሽ ፓች
ለቢሮ መስመር ይሁን። ፒኦኢ ለሚሄድበት ግን ፊት ለፊቱ የተዘጋውን እመርጣለሁ፤ የተጋለጠ ጫፍና እርጥበት አይስማሙም። ለካት 6 ሽቦዎቹን መጀመሪያ በትንሽ ማሰለፊያ ፕላስቲክ ውስጥ የሚያስገባው ባለ ሁለት ክፍል ኮኔክተር አለ። ማሰለፊያው ላይ ሽቦዎቹን እኩል ቆርጠህ ትገፋለህ፣ ቅደም ተከተሉ አይሸሽም።

ደግሞ ለቢሮዎቹ ኮኔክተር ለምን? ድፍን ሽቦ ግድግዳው ላይ ኪስቶን ጃክ (የግድግዳ ሶኬት)፣ ራኩ (የዕቃ መደርደሪያው) ላይ ፓች ፓነል (ብዙ ሶኬት ያለው ሰሌዳ) ላይ በፓንች ዳውን (ሽቦውን ገፍቶ በሚያስገባ መሣሪያ) ይቀመጥ፤ ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ ፓች ኮርድ (ጫፎቹ ተሠርተው በሚሸጥ አጭር ኬብል) አገናኝ። ከፓነል እስከ ጃክ 90 ሜትር፣ ከነፓች ኮርዱ 100 ሜትር ነው ወሰኑ። ጣሪያ ላይ ላለ ካሜራ በአንድ ጫፍ በቀጥታ ኮኔክተር ማድረግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኬብል ዝርጋታ ደረጃ ቲአይኤ 568.2-ዲ ይፈቅዳል።

አዲስ ሽቦ
ጋሼ፣ እናንተም ሁላችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ያልተከፈተው ካርቶን 52 ኦም ያነባል፣ ሲፋቅ ውስጡም ቀይ ነው። ከነፕላስቲኩ 0.94 ሚሊሜትር ወጣ። የአረንጓዴና የሰማያዊ መቀያየሩም ተገኝቷል።

ጋሽ ፓች
እንግዲህ መዳብ ነው፣ ግን 23 ሳይሆን 24 ጌጅ። ካርቶኑ ላይ የታተመው አታሎሃል። ለጊጋቢትና ለካሜራ ይበቃል። ቀዳዳው ለ1 ሚሊሜትር የሆነ፣ ባለ ሦስት ጥርስ ኮኔክተር ግዛለት፤ በጣም ሰፊውን አትውሰድ፣ ሽቦው ውስጡ ይወላገዳል። በቀለም የተሳሳቱትን አንዱን ጫፍ ብቻ ብታስተካክል መስመሩ ጭራሽ ይዘባረቃል፤ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠህ ሥራ።