የወጣቶች መሪያችን ሄደ፣ እኔ ደግሞ "እስከዚያው ያዝ" ተብያለሁ

ቤዝ ጊታር፦
ሰላም ቅዱሳን! የአጥቢያችንን ወጣቶች ለዓመታት ሲመራ የነበረው ወንድም ለትምህርት ውጭ ሄደ። ሽማግሌዎች "እስከዚያው ያዝ" አሉኝ። እስከ መቼ? እሱን አልነገሩኝም። ቅዳሜ ከሰዓት መዝሙር፣ ስብከት፣ ሻይ ያለበት ትልቅ ፕሮግራም ነበረን፤ አሁን ግን የሚመጣው ልጅ ቀንሷል፣ ብዙዎቹ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው። በየሰፈሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይሁን ብዬ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። መዘምራኑ አኮረፉ። "እሱ ቢኖር ይሄ አይደረግም ነበር" ያለም አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሐዋሳ እህት፦
ወንድሜ፣ ቴሌግራም ላይ ምን አስቸኮለህ? የመዘምራኑን አስተባባሪ ለብቻ ማናገር ነበር። ለነሱ ቅዳሜ የልምምድ ቀን ነው፣ የሚገናኙበትም ቀን ነው፣ ታዲያ ቢያኮርፉ ምን ይገርማል? ሃሳብህ ግን አዲስ አይደለም። ቤተክርስቲያናችን ሙሉ ወንጌል ራሷ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተማሪዎች የተጀመረች ናት፤ በደርግ ጊዜ ስትዘጋም ሰው በየቤቱ፣ በትንንሽ ቡድን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የቀጠለው። ያን ጊዜ ያዩ ሽማግሌ አጥቢያችሁ ውስጥ አይጠፉም። አንድ ቅዳሜ ጋብዟቸውና እሳቸው ያውሩላቸው።

ጋሽ አስታራቂ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ "እስከዚያው" የምትለዋን አጥራ። እስከ መቼ እንደሆነና ምን መወሰን እንደምትችል ሽማግሌዎችን ጠይቅ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የአዳራሹ ቁልፍ ማን ጋ ነው? የመዋጮው ሂሳብስ? የግሩፑ አድሚን ማነው? የሄደው ልጅ አሁንም አድሚን ከሆነ አንተ ገና አልተረከብክም።

ጅማ የተመደበው፦
ሁላችሁም ስለ መሪ ነው የምታወሩት፣ ልጆቹ ራሳቸው እኮ በየዓመቱ ይሄዳሉ። የ12ኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ምደባ ሲወጣ አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ወለጋ፣ አንዱ አርባ ምንጭ ይበተናል። እኔ ግቢ ስገባ ማንንም አላውቅም ነበር፣ የዶርም ጓደኛዬ ባይወስደኝ ኖሮ ፌሎሺፑ (የግቢው ክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት) የት እንደሚሰበሰብ እንኳ አላውቅም፤ ከአጥቢያዬ አንድ ሰው አልደወለልኝም። ምደባ በወጣ ሳምንት የየግቢውን ፌሎሺፕ አስተባባሪ ስልክ ፈልጎ ልጆቹን የሚያገናኝ አንድ ሰው መድቡ፣ ሌላ ሥራ አትስጡት።

ቤዝ ጊታር፦
ተባረኩ። ጋሼ፣ አድሚኑ እሱ ራሱ ነው 😅 ማታ እደውልለታለሁ። ግን መዘምራኑ ቅዳሜን አንለቅም ቢሉስ?

የሐዋሳ እህት፦
ተውላቸዋ! ቅዳሜ ይቀጥል። ጥናቱን ረቡዕ ማታ አንድ ሰፈር ብቻ ጀምር፣ ቤተክርስቲያን ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዙት ልጆች ካሉበት። አንድ ሁለት ወር እየው፣ ከመዘምራኑም አንዱ ጊታሩን ይዞ ቢመጣ አትከልክለው።