በወንዝ ወለል ላይ የሚለካ ሬዚስቲቪቲ (የኤሌክትሪክን ማለፍ የመቋቋም ባሕርይ) ጠጠርን ከሸክላ ይለያል?

ጥያቄ፦
የደለሉን ውፍረትና ወንዙ ቀድሞ ይሄድበት የነበረ፣ አሁን የተቀበረ ቦይ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ 48 ኤሌክትሮዶችን (የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያስገቡና ቮልቴጅ የሚለኩ የብረት ካስማዎችን) በ2 ሜትር ርቀት ከዳር እስከ ዳር ለመዘርጋት አስቤያለሁ። ውሃው መሐል ላይ 2 ሜትር ያህል ይጠልቃል። ኤሌክትሮዶቹን ላንሳፍፍ ወይስ ወለሉ ላይ ላስቀምጥ? ጠጠሩንስ ከሸክላው በእርግጠኝነት መለየት እችላለሁ?

መልስ 1፦
ወለሉ ላይ ያስቀምጧቸው። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከጠጠሩ ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ኤሌክትሮዶቹ ሲንሳፈፉ ብዙው የኤሌክትሪክ ጅረት እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ በዚህም የላይኛው ደለል ዝርዝር ይደበዝዛል። የትም ቢያስቀምጧቸው ግን የውሃውን ጥልቀት በየኤሌክትሮዱ፣ የማስተላለፍ አቅሙንም በዕለቱ ለክተው ልኬቱን ወደ ከርሰ ምድር ምስል በሚቀይረው ስሌት ውስጥ እንደታወቀ ንብርብር ያስገቡት፤ ይህ ሲዘለል ስሌቱ የውሃውን ባሕርይ ለደለሉ ይሰጠዋል። መስመርዎ 94 ሜትር ስለሆነ በዌነር አደራደር (አራት ኤሌክትሮዶች በእኩል ርቀት ተሰልፈው በሚለኩበት) የሚደርሱበት ጥልቀት 15 ሜትር ገደማ ነው። ዌነር አግድም ንብርብሮችን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ የቦይ ጠርዝ ለመፈለግ ግን ምልክቱ ደካማ ቢሆንም ዳይፖል ዳይፖልን (ጅረት የሚያስገባው ጥንድና ቮልቴጅ የሚለካው ጥንድ ተለያይተው የሚቀመጡበትን አደራደር) እመርጣለሁ።

መልስ 2፦
በእርግጠኝነት ለሚለው፣ በመለኪያው ብቻ አይቻልም። ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኦም ሜትር (የሬዚስቲቪቲ መለኪያ) በታች፣ ጨው አልባ ውሃ የሞላው ጠጠር ደግሞ ከዚያ በላይ ይገኛል፤ ሆኖም ወሰናቸው ይደራረባል። አርቺ የተባለ ተመራማሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ሬዚስቲቪቲን ከቀዳዳዎቹ መጠንና በውስጣቸው ካለው ውሃ ጋር ያያይዛል፤ የሚሠራውም ሸክላ ለሌለበት አሸዋ ነው፣ ምክንያቱም በሸክላ ውስጥ ጅረቱ በቅንጣቶቹ ገጽ ላይም ያልፋል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዝቅተኛ ሬዚስቲቪቲ ያሳየውን ክፍል ሸክላ ብዬ ከፈረጅኩ በኋላ በእጅ መሰርሰሪያ ሲቆፈር ጨዋማ ውሃ ያዘለ ሻካራ አሸዋ ወጣ። ስለዚህ ምስሉ የት እንደሚቆፈር ይንገርዎ እንጂ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይወስንልዎ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በዳርቻው ባለው ደረቅ ጠጠር ላይ የሚያርፉት ኤሌክትሮዶችስ?

መልስ 1፦
እነሱ መሬቱን በደንብ ስለማይነኩ ጅረት ማስገባት ይቸግራል። ከሥራቸው ያለውን መሬት በጨው ውሃ ያርጥቡ፣ ግን በጥቂቱ፤ እርጥበቱ ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ሌላው ከተገናኘ ልኬቱ ይበላሻል። የዳርቻውንም ከፍታ ለክተው ያስገቡ፤ አለበለዚያ ተዳፋቱ ራሱ የተቀበረ ቦይ መስሎ ሊታይ ይችላል።