ኤአርኤም ፕሮሰሰር ላይ ብቻ የሚወድቅ የኦፕቲማይዜሽን ቴስት ምን ይደረጋል?

ሰላም ጓዶች፣ እስቲ ይሄ ነገር የገጠመው ካለ ይርዳኝ። አንድን ፕሮግራም በጂሲሲ ኮምፓይለር አንዴ በኦ0 (ያለ ኦፕቲማይዜሽን)፣ አንዴ በኦ2 (በኦፕቲማይዜሽን) ኮምፓይል አድርጎ ውጤቱ መመሳሰሉን የሚያይ ቴስት አለን። ኢንቴል ማሽን ላይ ሁሉም ያልፋል። 64 ቢት ኤአርኤም ላይ ግን አንዱ ይወድቃል፣ ያውም በኦ2 ብቻ።

ጣጣው ያለው «ሀ×ሀ − ለ×ለ» የምትል መስመር ላይ ነው። ሁለቱም 0.1 ሲሆኑ ዜሮ መምጣት አለበት አይደል? የሚመጣው ግን ለዜሮ የቀረበ ሌላ ቁጥር ነው። አሰምብሊውን (የወጣውን የማሽን ትዕዛዝ) ሳየው ኮምፓይለሩ አንዱን ማባዛት ከመቀነሱ ጋር በአንድ ትዕዛዝ አጣምሮታል፣ ስለዚህ አንደኛው ብዜት ራውንድ ሲደረግ (ሲጠጋጋ) ሌላኛው አይደረግም። ኢንቴልም ላይ ቢሆን በ«ማርች ሃስዌል» (ይህ የማጣመር ትዕዛዝ ላላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች) ኮምፓይል ሳደርገው ያው ይወድቃል፣ ስለዚህ ጥፋቱን ኤአርኤም ላይ መለጠፍ አይቻልም።

«ኤፍኤፍፒ ኮንትራክት»ን (ይህን ማጣመር የሚፈቅደውን የኮምፓይለር አማራጭ) ኦፍ ሳደርገው ያልፋል። ግን ቴስቱ ላይ ብቻ ልጨምረው ወይስ ፕሮጀክቱ በሙሉ ላይ? ሁሉም ላይ ካደረግኩት ፍጥነት እናጣለን። አንድ ባልደረባዬ «ኤአርኤም ላይ እንደሚወድቅ ይታወቃል» ብለህ ምልክት አድርግበትና እለፈው ይላል፣ እኔን ግን አልተዋጠልኝም፣ ነገ እውነተኛ ባግ ቢመጣ እዚያው ተሸፍኖ ይቀራላ! ትንሽ ልዩነት ይፈቀድ እንዳልል ደግሞ ውጤቱ ስኩዌር ሩት ውስጥ ይገባል፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ውጤት) ነው የሚሰጠን።

እናንተ ጋ እንዲህ ሲሆን የምትቀይሩት ቴስቱን ነው ኮዱን?