አስቸኳይ! እናቴ ኤርፖርት አርፋለች፣ መኪናዬ መንገድ ላይ ቆማለች፣ ሻንጣ 3 ነው

የጉለሌ ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ የሚያይ ካለ። እናቴን ልቀበል እየሄድኩ መኪናዬ 495 አውራ ጎዳና ላይ ታይሰንስ ጋ ስደርስ አጨሰችና ቀጥ አለች። ዳር አውጥቼ ቆሜያለሁ። አውሮፕላኑ አሁን አርፏል። የእናቴ ስልክ እዚህ አይሠራም፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ሻንጣዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አንዱ የሰው አደራ ነው። የአንዱ ደግሞ ጎማው ወልቆ በገመድ ነው የሚጎተተው። ባቡር ልትይዝ ትችላለች? ኡበር ከዚህ ሆኜ ልጥራላት? ወንድሜ ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሳም። ምን ላድርግ?

አርሊንግተን፦
የትኛው ኤርፖርት? እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ 3 አለ እኮ። ወዴት ነው የምትወስዳትስ?

የጉለሌ ልጅ፦
ደለስ ነዋ! ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኛ አውሮፕላን ሌላ የት ያርፋል? ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ጨዋታ አዋቂ፦
እኔ ዳላስ ብዬ አንብቤ ቴክሳስ ድረስ ማን ሊሄድ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። አይዞህ።

ጋሽ አንጋፋው፦
ወንድሜ፣ አትቆጣኝና ሰው እንግዳ ሊቀበል ሲወጣ ከዋዜማው የመኪናውን ውሃና ዘይት ያያል። እንዳልከው ካጨሰች ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነው፣ አንተ ደግሞ መብራቱ ሲበራ ዝም ብለህ ነድተሃል። የዛሬ ልጆች ዳሽቦርዱ ላይ የገና ዛፍ እስኪመስል እየበራ ትነዳላችሁ። ለማንኛውም ለእናትህ የሚሻላት ይሄ ነው፦ ዊሊ ሬስተን የሚባለው ባቡር ጣቢያ ድረስ በኤርፖርቱ አውቶቡስ ትሂድ፣ ከዚያ ባቡሩን ትያዝ።

የጉለሌ ልጅ፦
እህትህ ነኝ ጋሼ። መብራቱም አልበራም።

አርሊንግተን፦
ጋሽ አንጋፋው፣ ያ አውቶቡስ ከቀረ ቆየ። ሲልቨር ላይን የሚባለው የሜትሮ ባቡር መስመር ኖቬምበር 15፣ 2022 ደለስ ገብቷል። ጣቢያው ከሻንጣ መቀበያው በምድር ውስጥ መተላለፊያ ይገናኛል፣ መንገዱም ላይ የሚንቀሳቀስ ወለል አለ። መሃል ዲሲ ያለው ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ወርዶ ሬድ ላይን መያዝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መውረድ። በሥራ ቀን ቢበዛ 6.75 ዶላር ነው። ታክሲ የሚወስደውን ብር አስቢው።

ታክሲ ነጂ፦
እናቷን በጠዋቱ ግፊያ፣ 3 ሻንጣ አስይዛችሁ ሜትሮ ሴንተር ላይ ባቡር ልታስቀይሯት ነው? ሻንጣዎቹ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ቢሆኑ እንኳ 69 ኪሎ ነው። ባቡሩ ውስጥ ደግሞ ለሻንጣ የተለየ ቦታ የለም። በር ላይ ተገትራ የሚወርደው ሁሉ ሲገፋት ነው የምትደርሰው። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ከሆነማ ተዉት። ባቡር አንድ ቦርሳ ላንጠለጠለ ሰው ነው።

አርሊንግተን፦
እኔ 2 ሻንጣ ይዤ ሄጄበታለሁ፣ ምንም አልሆንኩም።

ታክሲ ነጂ፦
አንተ ስንት ዓመትህ ነው?

የማኪያቶ ወዳጅ፦
ኡበር ከራስሽ ስልክ ጥሪላት። ትልቁን ምረጪ፣ ተራ ሴዳን 3 ሻንጣ አይችልም።

የጉለሌ ልጅ፦
እሱንማ አሰብኩት። ግን ሹፌሩ ሲደውል የሚደውለው ለኔ ነው። እሷ ታርጋ ፈልጋ የምታገኘው እንዴት ብላ?

ሚሚ ፌርፋክስ፦
አንድ ጥያቄ። ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ተጠይቆላት ነበር?

የጉለሌ ልጅ፦
አዎ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ዊልቸር ተይዞላታል።

ሚሚ ፌርፋክስ፦
ይሄን ቀድመሽ አትናገሪም እንዴ! በይ ግማሹ ጭንቀት ለቀቀሽ። የሚገፋት ሠራተኛ ፓስፖርት የሚታይበት ቦታ አብሯት ይሰለፋል፣ ሻንጣዋን ስታሳየው ያወርድላታል፣ ጉምሩክን አሳልፎ እንግዳ መቀበያው ድረስ ያመጣታል። እኔ እናቴን ስቀበል ያደረግኩት እንዲህ ነው፦ ስሜንና ስልኬን በትልቁ በወረቀት ጽፌ ፓስፖርቷ ውስጥ አስቀመጥኩላት፣ ሠራተኛው አይቶት ራሱ ደወለልኝ። ያንቺስ የተጻፈ ነገር ይዛለች?

የጉለሌ ልጅ፦
አድራሻዬና ስልኬ በቦርሳዋ አለ። ቦሌ ላይ እህቴ ናት የጻፈችላት።

ጨዋታ አዋቂ፦
ሻንጣው ውስጥ በርበሬና የቤት ቅቤ ካለ እኔ በባዶ እግሬም ቢሆን ሄጄ አመጣታለሁ።

የማኪያቶ ወዳጅ፦
ኡበር ትልቁን ምረጪላት፣ ኤክስኤል የሚለውን።

ታክሲ ነጂ፦
ተብሏል እኮ። ይልቅ ስሙኝ። እናትየዋ ብቻዋን የምትንቀሳቀስ ከሆነ ከኡበር የኤርፖርቱ ታክሲ ይሻላታል። ከእንግዳ መቀበያው ወጣ እንዳለች ተሰልፎ ይቆማል፣ ቀጠሮ አይፈልግም፣ በካርድም ይከፈላል። ተራ አስከባሪውን ለ3 ሻንጣ የሚሆን ቫን ስጠን ቢሉት ይሰጣል። ሹፌሮቹ ውስጥ ደግሞ የኛ ልጆች ሞልተዋል፣ «አማርኛ የሚችል አለ?» ብላ ብትጣራ አታጣም። ሹፌሩ በራሱ ስልክ ይደውልልሽ፣ ክፍያውን ቤት ስትደርስ ትጨርሺያለሽ።

የበረሃው፦
ሁላችሁም እናትየዋን ከሻንጣው ጋር እንዴት እናጓጉዛት ነው የምትሉት። ለምን ትንቀሳቀሳለች? የመጣችው ገና አሁን ነው። ከፓስፖርትና ከጉምሩክ እስክትወጣ ብዙ ጊዜ ሰዓትም ያልፋል። ሻንጣ የሌለባት ልጅቷ ናት፣ እሷ ትሂድ! ታይሰንስ ጋ ቆሜያለሁ ብላለች። ሲልቨር ላይን እዚያው ነው የሚያልፈው፦ ማክሊን፣ ታይሰንስ፣ ግሪንስቦሮ፣ ስፕሪንግ ሂል ሁሉም ጣቢያ አላቸው። ከዚያ ደለስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ባዶ እጇን በባቡር ትሂድ፣ እናቷን ትቀበል፣ ከዚያ አብረው በታክሲ ይመለሱ።

ሚሚ ፌርፋክስ፦
ይሄ ነው ወሬ።

ጋሽ አንጋፋው፦
መኪናዋንስ መንገድ ላይ ጥላ ትሂድ? ወስደው ያሽጉባታል፣ ከዚያ ቅጣቱን ማን ይከፍላል? ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ መካሪ ሆኗል።

ታክሲ ነጂ፦
አትጣያት። እህቴ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነሽ አይደል? በሞባይልሽ ፓውንድ 77 (#77) ደውይ፣ የስቴት ፖሊስ ነው። የሚቀርብሽን መውጫ ቁጥር ንገሪያቸው። መንገዱን የሚዞር የእርዳታ መኪናም አለ፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ኢንሹራንስሽ ቶው (መኪና የሚጎትት አገልግሎት) ካለው እነሱንም አሁኑኑ ጥሪያቸው። መኪናው ውስጥ አትቀመጪ፣ ከብረቱ አጥር ወዲያ ቁሚ። ኮፈኑንም አትክፈቺ፣ በተለይ የራዲያተሩን ክዳን በጋለበት እንዳትነኪው፣ ፊት ይልጣል።

ሄርንደን ነኝ፦
እኔ ከደለስ ሩቅ አይደለሁም፣ ሥራም የለኝም ዛሬ። ከፈለግሽ ሄጄ ሻንጣቸውን ይዤ አብሬያቸው ልቁም። ወደ ቤት መውሰዱን አንቺ ስትመጪ ትወስኛለሽ።

የማኪያቶ ወዳጅ፦
እህቴ የማታውቂውን ሰው እናትሽ ጋ አትላኪ።

ሄርንደን ነኝ፦
ልክ ነሽ፣ አልቀየምም። መቀበያው አዳራሽ ሰው የሞላበት ነው ብዬ ነው እንጂ።

የጉለሌ ልጅ፦
ፖሊሱ መጥቶ ቶው ጠራልኝ። የቶው ሰውዬው ማክሊን ጣቢያ አጠገብ አወርድሻለሁ ብሏል። ወንድሜም አነሳ፣ ግን ከባልቲሞር ነው የሚነሳው። ባቡሩ ላይ በባንክ ካርድ መግባት ይቻላል ወይስ የግድ ያ የሜትሮው ካርድ ያስፈልጋል?

አርሊንግተን፦
ከ2025 ወዲህ የባንክ ካርድሽን በሩ ላይ ብትነኪው ይከፍታል። ስትወርጂም ያንኑ ካርድ ንኪ፣ ሌላ ካርድ ከነካሽ ሂሳቡ ይዘበራረቃል። «አሽበርን» የሚለውን ያዢ፣ «ደለስ» የሚል ባቡር አትጠብቂ፣ መጨረሻው አሽበርን ነው።

ሚሚ ፌርፋክስ፦
ስትደርሺ ዝም ብለሽ አትጥፊ፣ ጻፊልን።

ጨዋታ አዋቂ፦
ቅቤው ከተያዘም ንገሪን፣ ለቅሶ እንድረስ።

አዲስ ገቢ፦
በዚሁ ልጠይቅና፣ እኔ ሐሙስ ቢደብሊውአይ (የባልቲሞር ኤርፖርት) የሚያርፍ እንግዳ አለኝ፣ 2 ሻንጣ ይዟል። መኪና የለኝም። ዲሲ ለመግባት ላይት ሬይል የሚባለውን ቀላል ባቡር ይያዝ?

አርሊንግተን፦
አይ፣ ላይት ሬይሉ ባልቲሞር ነው የሚወስደው። በነፃው የኤርፖርት አውቶቡስ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሂድ፣ እዚያ ማርክ የሚባለውን ባቡር ወደ ዋሽንግተን ይያዝ። ዩኒየን ስቴሽን ያወርደዋል፣ አንተም እዚያው ሬድ ላይን ላይ ትጠብቀዋለህ። አምትራክ የሚባለው ባቡርም ያልፋል ግን ይወደዳል። የሚያርፍበትን ሰዓት ንገረን፣ ማርክ ማታ ማታ ይሳሳል።

አዲስ ገቢ፦
ከምሽቱ 11 ሰዓት፣ በፈረንጅ።

ታክሲ ነጂ፦
እንደሱ ከሆነ ባቡሩን ተወው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እዚያ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ።