ኮንትራክተሩ ሶሌታውን ሞልቶ ጠፋ፤ ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የሳቢያኗ
ሰላም የድሬ ልጆች። ሳቢያን ጂ ፕላስ ዋን (ባለ አንድ ፎቅ ቤት) እየሠራን ነው። እቃው ከኛ፣ ኮንትራክተሩ የእጅ ዋጋ ብቻ። ውላችን አንድ ገጽ ናት፣ ሁለት ምስክር ፈርሞባታል። ሶሌታው (የፎቁ ወለል የሚሆነው አርማታ) እንደተሞላ ሰውዬው ሌላ ሳይት ገባ። አሁን ሶሌታው ከላይ ተሰነጣጥቋል። ብደውልለት "የድሬ ሙቀት ነው፣ የኔ ሥራ አልቋል" አለኝ። በዚህ ላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ "መወጣጫ ደረጃው ከፕላኑ አይገጥምም፣ አቁሙ" ብሎን ሄደ። ደረጃውን ያዞረው ኮንትራክተሩ ነው፤ "ሳሎኑ ይሰፋላችኋል" ሲለን እሺ አልን። ከክፍያው ሩብ ይቀራል። ጥፋቱ የማን ነው?

ግንበኛው
ድሬ ተወልዶ "ሙቀት ነው" ይላል እንዴ? እዚህ አርማታ በጠዋት ይሞላል፤ ከዚያ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል። ስንጥቁ ከላይ ብቻ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ከሆነ ብዙ ጊዜ የድርቀት ነው። ከሥርም ከታየ ወይ ፌሮ (የውስጡ ብረት) ብቅ ካለ ግን መሐንዲስ ሳያየው ድጋፍ እንጨቱን እንዳታስነሺ። ለመሆኑ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ የማን ነበር?

የሳቢያኗ
ውሉ ላይ አልተጻፈም። የጥበቃችን ልጅ ሦስት ቀን አጠጣ፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ ጠፋ።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ
(አንቱ ካላልኩሽ አትቀየሚኝ፣ ድሬ ነን።) ሁለቱን ነገር ለያይተሽ እዪ።

የደረጃው ጉዳይ ከከተማው ጋር ነው። ፈቃዱ በስምሽ ስለሆነ የምትጠየቂው ባለቤቷ ነሽ። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የመጣው ግንባታ ሁሉ በጸደቀ ፕላን እንዲሄድ ነው። ወይ ፕላኑን አሻሽለሽ ታጸድቂያለሽ፣ ወይ ደረጃው ወደ ቦታው ይመለሳል። እሺ ማለትሽ እዚህ ላይ ይጎዳሻል፤ ላባብልሽ አልችልም።

ሶሌታው ግን በአንቺና በሱ መካከል ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩን ቤቱን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል። "ሥራዬ አልቋል" ብሎ ነገር የለም። ብቻ ክስ ከማሰብሽ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪው፤ አንቀጽ 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ምን እንደሚያስተካክል ጻፊ፣ ቀን ቁረጪለት፣ ቅጂው ላይ አስፈርሚው። በስልክ መጨቃጨቅ ማስረጃ አይሆንም። የውሃው ነገር ግን ያከራክራችኋል፤ እሱ "እናንተ ናችሁ ያላጠጣችሁት" ማለቱ አይቀርም።

የገንደ ቆሬው
አንቺስ ሩብ ቀርቶሻል! እኔ አጣድፎኝ ሙሉውን ከፈልኩ፣ ልስኑ በስድስት ወሩ ረገፈ። ሁለተኛውን ቤት ስሠራ ክፍያውን በየደረጃው ከፋፈልኩት፦ መሠረት፣ ኮለን (ምሰሶ)፣ ሶሌታ፣ ግድግዳ፣ ልስን። መሐንዲሱ አይቶ ካልፈረመ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። ውሃ ማጠጣቱም በማን እንደሆነ በውሉ አስገባሁ። ሩቧን አጥብቀሽ ያዢ እህቴ።

የሳቢያኗ
ሰኞ መሐንዲስ ይመጣል። ማስጠንቀቂያውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። የሰውዬውን አዲስ ሳይት አውቀዋለሁ፣ እዚያው ሄጄ አስፈርመዋለሁ።